ጤነኛ ሳለን ምን ለመድን?

ከመታመሜ በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ በፖቶማክ ወንዝ ዳር እስከ ማውንት ቬርኖን 29 ኪሎ ሜትር ያህል በብስክሌት እነዳ ነበር። ከ14 ወር በኋላ እንደገና ስጀምር 3 ኪሎ ሜትር ላይ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ወርጄ ብስክሌቱን እየገፋሁ ተመለስኩ። አፈርኩ።

ኢንጂነር ነኝና ሁሉን በቁጥር እለካለሁ። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ግን የታመመ ሰው ጤነኛ ሳለ ይሠራው የነበረው መልካም ሥራ ይጻፍለታል። አልጋ ላይ ሳለሁ ይህ አጽናናኝ፤ ኋላ አስደነገጠኝ። የእኔ ልማድ ምን ነበር? ፍጥነቴን መቁጠር! ታመው የተኙትን አዛውንት ጎረቤቴን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳቸውም።

ስፖርቱ ጥፋት አልነበረም፤ አካላችን አማና ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ያችኑ 3 ኪሎ ሜትር ቀስ ብዬ ነድቼ ስመለስ እሳቸው ቤት ጎራ እላለሁ።

እናንተስ ነገ ብትታመሙ ምን ይጻፍላችኋል?