እንዝርትና ኅሊና

ካለፈው ሐምሌ መግቢያ ጀምሮ፣ ከወጨጫ ተራራ የሚወርደው ጉም የቡራዩን ቤቶች ሸፍኖ ዝናቡ ከቀትር በኋላ የጣራውን ቆርቆሮ መደብደብ ሲጀምር፣ ከእናቴ የወረስሁትን እንዝርት ከሳጥን አውጥቼ፣ ባዘቶውን በግራ እጄ ይዤ፣ ጀበናው ከተጣደበት ከከሰሉ ምድጃ አጠገብ መቀመጥን ልማድ አድርጌአለሁ። ዕድሜዬን በጠመኔና በደብተር መካከል የፈጸምሁ መምህርት ስለ ሆንሁ፣ እጄ ከጥጥ ጋር የተዋወቀው ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ፈትሉ በየስንዝሩ ይበጠስብኝ ነበር፤ አሁን ግን እንዝርቷ በጭኔ ላይ ተሽከርክራ ስትለቀቅ፣ ያ ቅርጽ የሌለው ነጭ ደመና ወደ ቀጭን መስመር ሲለወጥ ማየት፣ የፍልሰታም ጾም ገብቶ ራዲዮኑ በገና ሲያሰማ በዚያው ዜማ እጅን ማመላለስ፣ ልብን ምን ያህል እንደሚያሳርፍ በቃል ለመግለጥ ያስቸግረኛል።

ጭንቀቴ የጀመረው ከዚሁ ደስታ ነው። ክሩ አያስፈልገኝም፤ ሸጬም አልኖርበትም። እኔ ክረምቱን ሙሉ የምፈትለውን ያህል አንድ የጥጥ ፋብሪካ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ይፈትለዋል። እንግዲህ ለጥቅም ያልሆነ ሥራ፣ ጸሎትም ያልሆነ ዝምታ፣ ከሁለቱ ከየትኛው ይቈጠራል? አገር በኀዘን ላይ ሳለች፣ ጎረቤት እንባውን ሳያብስ፣ በምድጃ ዳር ተቀምጦ መጽናናትን መፈለግ በእግዚአብሔር ፊት ያስነቅፍ ይሆን?

አበው መነኮሳት ከሁሉ አብልጠው ከፈሯቸው ጠላቶች አንዱ ሀኬት ነው። ሀኬት በተራ አነጋገር ስንፍና ይባል እንጂ፣ በእነርሱ ዘንድ ከዚያ የጠለቀ ደዌ ነበር፤ ልብ የበጎውን ነገር ጣዕም አጥቶ፣ ከተቀመጠበት ቦታ ሁሉ የተሻለ ሌላ ቦታ ያለ እየመሰለው፣ በቀትር ፀሐይ በዓቱን ጥሎ ለመውጣት ሲቅበዘበዝ ማለት ነው፤ ስለዚህም በዳዊት መዝሙር ከተጠቀሰው ከጋኔነ ቀትር ጋር ያዛምዱት ነበር። በየዓመቱ ጥር 22 የምናስበው አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ በዚሁ ደዌ ተይዞ እንዴት እንደሚድን ፈጣሪውን ቢለምን፣ እርሱን የሚመስል አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጎነጉን፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ተመልሶም ሲጎነጉን አየ፤ ያም ሰው መልአክ ነበር። ያ መልአክ ለእንጦንስ ያስተማረው በስብከት ሳይሆን በእጁ መሆኑን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ከዚህም የሚያስገርመው መነኩሴው ዮሐንስ ካስያን የጻፈው የአባ ጳውሎስ ታሪክ ነው። ይህ አባት የሚኖርበት በረሃ ከከተማ ከሰባት ቀን መንገድ በላይ ይርቅ ስለ ነበር፣ የእጁን ሥራ ወደ ገበያ ለመውሰድ የሚከፈለው ኪራይ ከሥራው ዋጋ ይበልጥ ነበር። እርሱ ግን እንደ ማንኛውም መነኩሴ ዘንባባ እየሰበሰበ በየቀኑ የተወሰነለትን ሠርቶ፣ ዋሻው በዓመቱ ሥራ ሲሞላ በእሳት ያቃጥለውና እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምር ነበር። ሥራው ለገበያ አልነበረም፤ ሐሳቡ እንዳይባክን ልቡን የሚያስርበት ገመድ ነበር። የእኔን ልቃቂት ከእርሱ ተጋድሎ ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ ነገር ግን ጥቅም የሌለው ሁሉ ከንቱ ነው የሚለው የዘመናችን ሚዛን ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው ብቸኛ ሚዛን አለመሆኑን ከእርሱ ተረድቻለሁ።

የሆነ ሆኖ ጭንቀቴን ለንስሐ አባቴ አቀረብሁ። «አባ፣ ይህን ደስታዬን ከኃጢአቴ ጋር ልናገረው ወይስ ልተወው?» ብላቸው፣ መልሱን ትተው በጥያቄ ጀመሩኝ።

«ልጄ፣ ጥጡን በምን ትነድፊዋለሽ?»

«በደጋን ነዋ፣ አባቴ።»

«ሥራሽን ስትጨርሽ ጅማቱ እንደ ተወጠረ ነው የሚያድረው?»

«የለም፤ አላላዋለሁ። አለዚያ ደጋኑ ይሰበርብኛል።»

ከዚያ በኋላ፣ እንጦንስ ከወንድሞች ጋር ሲጫወት አይቶ የተሰናከለውን አዳኝ፣ አባ እንጦንስም ደጋኑን እንዲስብ፣ ጨምሮም እንዲስብ፣ ደግሞም እንዲስብ ባዘዘው ጊዜ አዳኙ ይሰበርብኛል ብሎ እንደ ተከራከረ፣ በዚያውም ትምህርቱን እንደ ተቀበለ አስታወሱኝ። ታሪኩን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ በቤቴ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ደጋን እንደሆነ ግን ያን ቀን ነው የገባኝ።

ይህን ነገር ከመጽሐፍ ያልተማሩት ሰዎችም በሥራቸው ይመሰክሩለታል። ከእንጦጦ ጀርባ በተዘረጋው፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ባለው በሱሉልታ ሜዳ የምትኖር የቀድሞ ባልደረባዬን ልጠይቅ በሄድሁ ቁጥር፣ በማለዳው ውርጭ የሚሮጡትን ወጣቶች በመስኮቷ አሻግሬ እመለከታለሁ፤ እነዚህ ለድል ሥጋቸውን የሚያደክሙ ሰዎች ከከባዱ ቀን ቀጥሎ ቀላል ቀን፣ ከሩጫው ቀጥሎ የቀን እንቅልፍ እንዳላቸው፣ ዕረፍቱንም የልምምዱ ክፍል አድርገው እንደሚቈጥሩት እርሷ ነገረችኝ። ባልደረባዬ ራሷ አለላና ወስፌ ይዛ ሙዳይ ትሰፋለች።

በሰበታ ደግሞ ቤተ ደናግል አለ፤ ስሙ ጠባባት ነው። ቃሉን ልብ ይሏል፤ ጥበብ በግእዙ የሊቃውንት ዕውቀት ሲሆን፣ በአማርኛችን በቀሚስና በነጠላ ጠርዝ ላይ የሚወርደው ኅብረ ቀለምም ጥበብ ይባላል። ይህን ያህል የተከበረ ስም ለእጅ ሥራ የሰጠ ሕዝብ፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን በሥራቸው ስም ሲሰድብ መኖሩ፣ ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ስድቡን በዐዋጅ ለመከልከል መገደዳቸው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። እመቤታችንን ቅዱስ ገብርኤል ሲያበሥራት ለቤተ መቅደስ ሐርና ወርቅ አስማምታ ትፈትል ነበር ብለው አበው ያስተማሩን እኛን ነው። ሠዓሊዎቻችን መጋቢት 29 የሚታሰበውን ብሥራት ሲሥሉ ፈትሉን በእጇ ያኖሩታል። የዓለም መድኃኒት ዜና የደረሰው በእንዝርት ዳር ለተቀመጠች ብላቴና ከሆነ፣ እንግዲህ እንዲህ ያለው ጽሙና በሩን ለሰማይ የከፈተ ሊሆን ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን የቀረው ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል፤ የሌላው ኀዘን። ቀድሞ ማታ ማታ በአማርኛ ድምፅ የሚቀርቡትን የቱርክ ተከታታይ ድራማዎች እመለከት ነበር፤ ያጽናኑኝ እንደ ነበር አልክድም፣ የሚመለከታቸውንም አልነቅፍም። በዚያ ሰዓት ግን በሬን የሚያንኳኳ ሰው እንዳይመጣብኝ እመኝ ነበር። ስለ ራሴ የፈራሁት ይህንኑ ነው፤ እንዝርቱም በሬን እንዳይዘጋብኝ።

በዚሁ ፍርሃት ሳለሁ አንድ ቀን፣ ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በክትክታ ዛፍ ሥር ወድቆ ሞትን የለመነበትን ምዕራፍ ደጋግሜ አነበብሁት። መልአኩ የሰጠው ተግሣጽ አልነበረም፤ በፍም የተጋገረ እንጎቻና ውኃ ነበር። በልቶ ተኛ፤ ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው። እስከ ኮሬብ ድረስ አርባ ቀን የሄደው ከዚያ በኋላ ነው፤ በዚህ ምን ታደርጋለህ ተብሎ የተጠየቀውም በዋሻው እንጂ በዛፉ ሥር አይደለም። እግዚአብሔር ለደከመው ነቢይ ያስቀደመው እንቅልፍና እንጀራ ከሆነ፣ እኛ ለደከመ ሰው ምክር ማስቀደማችን ከየት የመጣ ይሆን?

ከእኔ ቀጥሎ ባለው ግቢ ልጇን የቀበረች እናት አለች። ከሠልስቱ በኋላ ሰው ሲመናመን፣ የማጽናኛ ቃል ይዤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሄጄ ነበር፤ ቃሌም ከበሩ ሳያልፍ ይወድቅ ነበር። በነሐሴ አጋማሽ ግን አንድ ከሰዓት እርሷው ወደ እኔ መጣች፤ እንዝርቴን ለማስቀመጥ ስነሣ፣ «ተዪው እቴ፣ ሥሪ» ብላ ከበርጩማው ላይ ተቀመጠች። ብዙ ሳትቆይ ደጋኑን ከግድግዳ አውርዳ፣ ጅማቱን በጣቷ ሞክራ፣ ጥጡን መንደፍ ጀመረች። ከልጅነቷ የምታውቀው ሥራ ነበርና እጇ አልሳተም። እስኪመሽ አንድም ቃል አልተነጋገርንም፤ የደጋኑ ድምፅና ዝናቡ ብቻ ነበሩ፤ ባዘቶውም በሰፌዱ ላይ እየተከመረ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ትመጣለች። አንዳንድ ቀን ስለ ልጇ ትናገራለች፤ አንዳንድ ቀን ዝም ትላለች። በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱን ሰንበታት ያጸኑት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ከወጨጫ ተዳፋት ላይ የሚታየውን የመናገሻ ሱባን ደንም ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር አስተክለዋል ይባላል። እኛም ያን ሥርዓት አክብረን፣ ቀዳሚት ሰንበት በምትገባበት ዐርብ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በደኑ በኩል ሰማዩ ሲቀላ፣ ሁለታችንም እጃችንን እናነሣለን፤ እኔ እንዝርቴን እሰቅላለሁ፣ እርሷም የደጋኑን ጅማት ታላላለች።

ባለፈው ዐርብ ነጠላዋን ተከናንባ ከደጃፉ ደርሳ ዞር አለችና፣ «የሰኞውን ጥጥ እኔ ዳምጬ አመጣለሁ፤ አንቺ ቡናውን ብቻ አዘጋጂ» ብላኝ ሄደች።