መድረሳው ከረመዳን በኋላም ወጪ አለበት

ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት ስንወጣ፣ የሰፈራችን መድረሳ ኡስታዝ የሦስት ወር ደመወዝ እንዳልተከፈላቸው ሰማሁ። አፈርኩ። በረመዳን ለዚሁ መድረሳ ሲዋጣ ኪሴ የነበረውን ሰጥቼ፣ የዓመቱን ግዴታ የተወጣሁ መስሎኝ ነበር።

ወገኖቼ! ዲናችን ለዚህ መላ አላጣም። ዑመር (ረ.ዐ) በኸይበር ያገኙትን መሬት ምን ላድርገው ብለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቁ፣ ዋናውን ይዘው ፍሬውን ሰደቃ እንዲያደርጉት መከሯቸው። ከዚያ ወዲያ መሬቱ አይሸጥም፣ አይወረስም፤ ምርቱ ግን ለድሃው፣ ለዘመዱ፣ ለመንገደኛው ሆነ። ወቅፍ ማለት ይህ ነው።

እኛስ? ለዕድርና ለዕቁብ በየወሩ ሳናዛንፍ እንከፍላለን። 100 አባወራ በወር 50 ብር ቢያዋጣ 5,000 ብር ይሆናል። ከደመወዙ የተረፈው ተጠራቅሞ አንዲት ሱቅ ወቅፍ ቢደረግ፣ ኪራይዋ ከእኛም በኋላ ልጆቻችንን ያስቀራል። ገንዘቡ አማና ነውና ሒሳቡ በየሦስት ወሩ መስጊድ ውስጥ ይለጠፍ።

አላህ ዘንድ የተወደደው ሥራ ትንሽም ቢሆን የማይቋረጠው መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። የእኔን የመጀመሪያ 50 ብር ለኮሚቴው ሰጥቻለሁ። በሚመጣው ወር ከቀረሁ ጠይቁኝ።

አላህ ይወፍቀን።