ሽቶውና ጥርኙ

አማርኛ ለአፍንጫ ጉዳይ ቃል አያጣም። ሽታ አለ፣ መዓዛ አለ፣ ግማት አለ፣ ክርፋት አለ። ከሁሉም ለመተርጎም የሚያስቸግረው ግን ጠረን ነው። ሽቶ ይገዛል፣ ይቀባል፣ በሳሙና ታጥቦ ይሄዳል። ጠረን ከሰውየው ጋር የሚኖር ነው። እናት የልጇን ትራስ አሽታ የምታገኘው፣ ውሻ ጌታውን በጨለማ የሚለይበት እሱ ነው። ሽቶን ሰው ይመርጠዋል፤ ጠረኑን ግን አይመርጥም።

ይህ ልዩነት በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ክረምት ጎልቶ ይታያል። በጥር ወር ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲደርስ መስኮት አይከፈትም። ሽንኩርቱ ሲቁላላ፣ ቡናው ሲቆላ፣ ጢሱ መውጫ አጥቶ በር ላይ የተሰቀለው ካፖርት ውስጥ ይገባል። ያንን ካፖርት ለብሶ ሁለቱን ከተሞች በሚያገናኘው የግሪን ላይን ባቡር የሚሳፈር ሰው ወጡንም አብሮ ያሳፍረዋል። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ፊቱን ሲያዞር በዚህ ይሁን በሌላ ምክንያት አያውቅም፤ ግን ይጠረጥራል። አንዳንዱ ስደተኛ የመጀመሪያውን ሽቶ የሚገዛው በዚህ ጥርጣሬ የተነሳ ነው። ለማማር ሳይሆን ላለመታወቅ።

እንበል፣ ከነዚህ አንዱ በዚያው አላቆመም። አንዱ ጠርሙስ ሁለት፣ ሁለቱ ሃያ ሆነ። አሁን በሴንት ፖል አፓርታማው ውስጥ አንድ መደርደሪያ ሙሉ የወንድ ሽቶ አለው። ሁለት ሚሊ ሊትር የሚይዙ ብልቃጦችን እየገዛ በወረቀት ቁራጭ ላይ ይነፋል፤ ስንት ሰዓት እንደቆየና ምን ያህል ርቀት እንደሄደ በማስታወሻ ደብተሩ ይጽፋል። የ1966ቱን የዲዮር ኦ ሶቫዥ ከዚያው ቤት በ2015 ከወጣው ሶቫዥ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጥና ስማቸው ተቀራርቦ ጠባያቸው ለምን እንደተራራቀ ያስባል (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሚኒያፖሊሱ ካርመል የገበያ አዳራሽ ከሶማሌ ነጋዴዎች የዘይት ሽቶና ዑንሲ ገዝቶ ከፓሪሱ ጋር ያወዳድራል። ደጅ በብርዱ ድምፁን ያጠፋው ሽቶ ሞቅ ያለ ቤት ሲገባ እንዴት እንደሚነቃ ለይቶ ያውቃል።

ይህን ሥራ ፈትነት የሚለው አይጠፋም። ፍርዱ ግን የቸኮለ ነው። ሌላው ሰው ሳያስተውል የሚያልፈውን ነገር ቆም ብሎ ማጤን፣ ስም መስጠት፣ ከሌላው መለየት፣ እነዚህ ሁሉ የትዕግሥት ሥራዎች ናቸው። በጠረኑ አፍሮ የጀመረ ሰው በአፍንጫው ሊቅ ሲሆን ማየትም ደስ ያሰኛል። ጥያቄው የሚመጣው ልክ እዚህ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የት ላይ ይቆማል?

አንድ ምሽት ሰብሳቢያችን የጌርላን ቤት በ1904 ለወንዶች ያወጣውን ሙሿር ደ ሙሲዩ የተባለ ሽቶ አሮጌ ጠርሙስ ያገኛል። ከላቬንደሩና ከሎሚው ሥር ሞቃት፣ ጥቂት የሚያሳፍር፣ የሰው ገላ የሚመስል ነገር አለ። በደብተሩ ላይ «እንስሳዊ» ብሎ ይጽፋል። በሽቶ ወዳጆች ዘንድ የተለመደ ቃል ነው። የትኛው እንስሳ ነው ብሎ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እንስሳው ጥርኝ ነው፤ ከጅራቱ ሥር ካለው እጢ የሚወጣው ቅባት ደግሞ ዝባድ። ዝባድ በብዛት ሲሸት ያቅለሸልሻል፤ በአልኮል ቀጥኖ በጠብታ ሲገባ አበባውን ሕያው ያደርገዋል። ለፈረንሳይ ሽቶ ቤቶች ከማንም በላይ ይህን ቅባት ስታቀርብ የኖረችው ኢትዮጵያ ናት። በሊሙ፣ በጅማ፣ በከፋና በአካባቢው ገበሬዎች ወንዱን ጥርኝ ከዱር አጥምደው፣ እንዳይዞር ተብሎ ጠባብና ረጅም ሆኖ በተሠራ የእንጨት ጎጆ ውስጥ ያኖሩታል። ሙቀት ምርቱን ይጨምራል ተብሎ ቤቱ ውስጥ እሳት ይነዳል። በየአሥር ቀኑ ገደማ ጅራቱና እግሮቹ ተይዘው ቅባቱ በማንኪያ ይፋቃል፤ ከዚያም በከብት ቀንድ ታሽጎ ይላካል። ጥርኝ በዱር ሳለ በዚህ ቅባት ግዛቱን ምልክት ያደርግበት ነበር። በጎጆው ውስጥ ምልክት የሚያደርግበት ግዛት የለውም።

በ1926 ሊዮፖልድ ሩዚችካ የዝባድን ዋና ቅንጣት የሲቬቶንን አሠራር አወቀ፤ በ1939ም የኖቤል ሽልማትን ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ቅንጣቱን ያለ ጥርኝ መሥራት ይቻላል። ሆኖም ብዙ ቤቶች ለአሥርት ዓመታት ከቀንዱ አልተለዩም፤ ሻኔል የተፈጥሮውን ዝባድ በሰው ሠራሽ የተካው በ1998 ነው።

ለሰብሳቢው ሦስት ማምለጫዎች አሉት። አንደኛው፣ ውበት ከምንጩ ተነጥሎ ይዳኛል የሚለው ነው። ጽጌረዳን ያሸተተ ሁሉ ስለ ፍግ አይጠየቅም። ነገር ግን ራሱ ሰብሳቢው የተፈጥሮው ከሰው ሠራሹ ይበልጣል፣ ከሲቬቶን ሌላ ብዙ ነገር አለበት ይላል። እውነቱን ነው። እንግዲያው ያ «ይበልጣል» የሚለው ትንሽ ልዩነት የተገዛው በጎጆው ነው ማለት ነው። ምንጩን ለዋጋው እያነሱ ለፍርዱ መርሳት አይሆንም።

ሁለተኛው፣ ጠርሙሱ አሮጌ ነው፤ ጥርኙ ድሮ ሞቷል የሚለው ነው። ይህም እውነት አለው። የዛሬ ግዢው ሌላ ጥርኝ አያስጠምድም። ግን በደልን አለመጨመር አንድ ነገር ነው፤ በተፈጸመ በደል ፍሬ እየተደሰቱ ዝም ማለት ሌላ።

ሦስተኛው ለስደተኛ ልብ ቅርብ ነው፦ ይህ የኛ ሀብት ነው፤ ፓሪስ ወስዳ መልሳ ሸጠችልን፤ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው። ቁጭቱ ይገባል። ይሁንና «የኛ» የሚለው ቃል ብዙ ይሸፍናል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የግቤ አገሮች ዝባድ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃሙ የባሶ ገበያ፣ ከዚያም ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ሲሄድ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሲራራ ነጋዴ፣ ባሮችም ይነዱ ነበር። ያኔ ዝባዱ የማን ነበር? ሻኔል ቀንዱን ሲተውስ የሊሙ ገበሬ ከ«እኛ» ውስጥ ተቆጥሮ ስለ ገበያው የጠየቀው አለ? ሰው ሠራሹ ዝባድ ጥርኙን ከጎጆ ሲያወጣ ከገበሬው እጅ ገንዘብ ይወስዳል። ጥርኙን ነጻ ማውጣት ትክክል ነው፤ ሒሳቡን ለድኻው ብቻ መተው ግን ትክክል አይደለም።

ነገሩ በሽቶ ሰብሳቢው ላይ ብቻ አይቆምም። በዚያው ከተማ ቅዳሴ ላይና ቡና ላይ የሚጤሰው ዕጣንም ዛፍ አለው። የመተማና የትግራይ የዕጣን ዛፎች ይደማሉ፤ ችግኞቻቸው በከብትና በእሳት ምክንያት አያድጉም። በ2019 የወጣ ጥናት የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። መልካም መዓዛ ያለው ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ ማመን የቆየ ልማዳችን ነው።

ታዲያ መደርደሪያው ይወገድ? አያስፈልግም። የሰብሳቢው ጥፋት ማሽተቱ ወይም ማወዳደሩ ሳይሆን ማወዳደሩን ከጠርሙሱ አፍ ላይ ማቆሙ ነው። አዲስ የተፈጥሮ ዝባድ ያለበትን አለመግዛት ቀላል ነው፤ ምትኩ አለ። የሚከብደው አሮጌውን በስሙ መጥራት ነው። «እንስሳዊ» የሚለው ቃል እንስሳውን ይደብቃል። አማርኛ ተናጋሪ ግን ዕድለኛ ነው፤ ጥርኝና ዝባድ የሚሉት ቃላት ከነአገራቸው በእጁ አሉ።

ቅዳሜ ማታ ጓደኛው ሊጠይቀው ይመጣል። ካፖርቱን ሳያወልቅ የወረቀቱን ቁራጭ ተቀብሎ ያሸታል፤ ዓይኑን ይጨፍናል። «አንተ፣ ይሄ እንዴት ደስ ይላል! ምንድን ነው?» ይላል። የሽቶውን ስም መንገር ይቻላል፤ የቤቱን ስምና ዓመቱን መንገርም ይቻላል። በመጀመሪያ ግን ይህ ጥርኝ ነው፣ ከኛ አገር ነው፣ በጎጆ የታሰረ ነበር ቢለው፣ ጓደኛው ወረቀቱን ሊያስቀምጠው ወይም እንደገና ሊያሸተው ይችላል። የትኛውንም ቢያደርግ፣ የሚያደርገው አውቆ ነው።