ደስታ ዕዳ ይሆናልን?

ለቤተሰብ ሽርሽር የተቆጠበ ገንዘብ ወጥቶ ደስታ ሳያስገኝ ቢቀር በዳዩ ማን ነው? ተበዳዩስ?

አንድ የበቾ ቦሬ አባወራ እናስብ። ቡናው ተሽጦ ገንዘቡ እጁ ሲገባ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ፣ ከጅማ በአዲስ አበባ በኩል ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ባሕር ዳር ይደርሳል። ሐሳቡ ጣናን በሞተር ጀልባ ሊያስጎበኛቸው፣ በማግሥቱም የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ሊያሳያቸው ነው። ጀልባው ክብራን ገብርኤል ሲደርስ፣ በገዳሙ ሥርዓት ሴት አትገባምና እናትና ሴቶች ልጆች ከጀልባው ይቀራሉ። ቀጥሎ ዘጌ። ዘጌ ደግሞ የቡና ደን ነው! በቡና ጥላ ሥር ላደገ የጅማ ልጅ፣ ሐይቅ ተሻግሮ ቡና ማየት ምን ብርቅ ይሆንለታል?

ፏፏቴውንም የሚያውቁት በአሮጌው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ከታተመው ሥዕል ነበር። ሆኖም የቡና ገንዘብ የሚገኝበት ወራት ውኃው የሚሳሳበት በጋ ነው፤ በዚያም ላይ በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የጢስ ዓባይ፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ብዙው ውኃ ወደ ተርባይን ይሄዳል። በዚህ ማንንም መክሰስ አይቻልም፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የግልገል ጊቤ ውኃ መብራት ሲሆን ያየ የጅማ ሰው «ውኃው ተሰረቀብኝ» ለማለት አፉን አይሞላም።

«እንዴት ነው ልጆች?» ይላል አባት። «በጣም ጥሩ ነው፣ አባዬ» ይላሉ ልጆች። ብዙዎቻችን ይህን መልስ ጨዋነት እንለዋለን። እኔ ግን ይሉኝታ ከሠራቸው ግፎች አንዱ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም አባትም በልቡ አዝኗል፤ ልጆቹ በሐሰት ሲደሰቱለት ግን ሐዘኑን የሚያካፍለው ሰው ያጣል። በአንድ ጀልባ ተሳፍረው እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ይቀራሉ።

የዓመት ልፋቱን በአንድ ቃል ከንቱ ማድረግ ይገባልን? የሚል ይኖራል። መልሱ ምስጋናና ደስታ አንድ አለመሆናቸው ነው። ምስጋና ለሰጪው የሚከፈል ነው፤ ከልጅም ሊጠየቅ ይችላል። ደስታን ግን አባትም ሊያዝዘው፣ ልጅም ሊበደረው አይችልም። ስጦታውን በደስታ እንድንመልስ የሚጠብቅ ሰጪ፣ ሳያውቀው ስጦታውን ብድር አድርጎታል። «እንኳን አመጣኸን፤ ፏፏቴው ግን አነሰብን» የሚል ልጅ አባቱን አላዋረደም፤ አባትም «ለእኔም አንሶብኛል» ለማለት ያን ጊዜ በር ያገኛል።

እናትየዋን ግን፣ ከጀልባው ቀርታ ስትጠብቅ ምን እንዳየች፣ ማንም አልጠየቃትም።