የጥሪው ዕዳ

ካርቱም ስኖር ለሱዳኖች ወንጌል እንድመሰክር እግዚአብሔር የጠራኝ መሰለኝ። በጸሎት መካከል ልቤ ነደደ፤ የኅብረታችን ጸሎተኞችም «ሸክም አለብህ» አሉኝ። ውሎ ሲያድር ግን ጥርጣሬ ገባኝ። ይህ መንደድ ከእግዚአብሔር ይሁን ከራሴ በምን አውቃለሁ? ስደተኛ ነበርሁ፤ የኢቃማዬ (የመኖሪያ ፈቃዴ) ጊዜ ካለፈ ከሻ (የፖሊስ አፈሳ) በመጣ ቁጥር መደበቅ ነበር። እንዲህ የሚኖር ሰው ኑሮው ለአንድ ትልቅ ነገር እንዲሆን ይመኛል። ስለዚህ የልቤን መንደድ ብቻውን ምስክር አድርጌ ልቀበለው አልቻልሁም።

የእኛ ሰዎች «ጌታ ከጠራህ በሩን ይከፍታል» ይላሉ። ይህን ለመመርመር ከካርቱም የተሻለ ቦታ የለም። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ተሰርቀው የተሸጡ፣ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጡ፣ ስዊድን ድረስ ሄደው የተማሩ ሰው ናቸው። ከሚሲዮናውያን ጋር ሆነው በሱዳን በኩል ወደ ኦሮሞ ምድር ለመግባት ተነሡ። ፋማካ ደርሰው መንገዱ ተዘጋባቸው፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1882 ንዳድ ይዟቸው ካርቱም ተመለሱ። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 1881፣ የካቶሊኩ ጳጳስ ዳንኤል ኮምቦኒ እዚያው ከተማ ውስጥ ሞተዋል። ከዚያም ማህዲስቶች አገሩን ያዙ፤ ኮምቦኒ የደከሙበት ሚሲዮን ፈረሰ። በር ምልክት ከሆነ ሁለቱም አልተጠሩም ልንል ነው። ኦነሲሞስ ግን ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 አሳተሙ፤ ወለጋ የገቡትም በ1904 ነው፤ ካርቱም ታምመው ከተመለሱ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። መሳካትም መክሸፍም ማስረጃ ካልሆነ፣ ማንም ተነሥቶ «ተጠርቻለሁ» ቢል ማን ይመልሰዋል? የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13ን ደግሜ አነበብሁ። በአንጾኪያ በርናባስና ሳውል በገዛ እጃቸው አልወጡም፤ ጉባኤው ጾሞና ጸልዮ እጁን ጭኖ ላካቸው። እኔም ከሽማግሌዎቻችን ወደ አንዱ ሄድሁ።

«ልጄ፣ ብትያዝ ምን ያደርጉሃል?» አሉኝ።

«ወደ አገሬ ይመልሱኛል።»

«የሰማህንስ ሰው?»

መልስ አጣሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የሱዳን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 126 ከእስልምና የወጣን ሰው በሞት ይቀጣ ነበር፤ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የካርቱም ፍርድ ቤት ከኢትዮጵያዊት ኦርቶዶክስ እናት የተወለደችውን ማርያም ይሕያን፣ ነፍሰ ጡር ሳለች፣ በዚሁ አንቀጽ ሞት ፈረደባት። በይግባኝ ነጻ እስክትወጣ ድረስ እስር ቤት ውስጥ ወልዳለች። በእኔ ጥሪ የምትከፍለው እንደ እርሷ ያለችው ናት።

ታዲያ ሐዋርያትም ዝም ማለት ነበረባቸው? ይህን ክርክር ማሸነፍ አልቻልሁም፤ አሁንም አልቻልሁም። ለሰሚው ፈርቼለት ወንጌሉን ብደብቀው ራሱ የሚመርጠውን እኔ መረጥሁለት ማለት ነው። የደረስሁበት ይህ ብቻ ነው፤ የጠየቀኝን አልዋሸውም፣ የሚያስከፍለውንም ሳልነግረው አላስጀምረውም።

ሽማግሌው በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩትን እህቶቻችንን እንዳገለግል ጠቆሙኝ፤ የታመመችውን፣ ደመወዟን የተከለከለችውን፣ በከሻ የተያዘችውን። ቅር አለኝ። ቅር ማለቴን ስመረምር ከጥሪው ውስጥ ስንት እጅ «ሚሲዮናዊ» መባልን መፈለግ እንደነበረ አየሁ። ቢሆንም ሁሉም እርሱ ነበር ብዬ አልፈርድም። የሱዳኑ ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. እስኪበትነን ድረስ እነርሱን አገለገልሁ።

ልሂድ ብለህ የምትጸልይ ወንድሜ፣ የምትሄጂም እህቴ፣ አስቀድማችሁ ለሽማግሌዎቻችሁ አንድ ነገር መልሱላቸው፤ የሰማችሁ ሰው በተያዘ ቀን እናንተ የት ትገኛላችሁ?