የሃያ ዶላር ቡና

ወደ ዴንቨር ኤርፖርት በሚወስደው የፔኛ ጎዳና ዳር፣ ዓይኑ ቀይ የሚያበራ ትልቅ ሰማያዊ ፈረስ ቆሟል። ከፈረንጆቹ 2008 ጀምሮ የሚገባውንም የሚወጣውንም እያፈጠጠ ያያል። እንግዳ ይደነግጥበታል፣ ፎቶም ያነሳዋል። የታክሲ ሾፌሮች ግን ፈረሱን ከለመዱት ቆይተዋል። የሚፈሩት ሾርትን ነው።

ሾርት ማለት አራት ሰዓት ሙሉ ተራ ጠብቀህ፣ በመጨረሻ ሻንጣ የሚጎትት ሰው መጥቶ «እዚሁ ታወር ሮድ ያለው ሆቴል» ሲልህ ነው። አሥር ደቂቃ ነድተህ ታወርደዋለህ፤ ተመልሰህ ከተራው መጨረሻ ትቆማለህ። የሾርት ተቃራኒ ቬይል ነው። ስኪ የተሸከመ ቤተሰብ፣ 120 ማይል ያህል መንገድ፣ ከ11,000 ጫማ በላይ ከፍታ ላይ የተፈለፈለው የአይዘንሃወር ዋሻ፣ ከዚያ ቁልቁለቱ። ቬይል የደረሰው ሾፌር በዚያ ቀን ማታ ልጆቹን ይዞ ውጭ ይበላል።

በዚህ ከተማ አንድ የታክሲ ማኅበር ነበር። ድሮ ሾፌሩ ሠራም አልሠራም ለኩባንያው በየሳምንቱ ሊዝ ይከፍል ነበር። ኋላ ከኢትዮጵያም ከሌላም አገር የመጡ ሾፌሮች ተሰባስበው፣ የኮሎራዶን የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ደጅ ጠንተው፣ በ2009 ዩኒየን ታክሲ የተባለውን የራሳቸውን ማኅበር መንገድ ላይ አወጡ። በ2016 ደግሞ ግሪን ታክሲ 800 ያህል አባላት ይዞ ተከተለ። የዚህ ታሪክ ማኅበር ከሁለቱም አይደለም። እሱ ፈቃዱን ያገኘው ከተረት አገር ነው።

አባላቱ «ከእንግዲህ አለቃ የለብንም» ብለው ተሳሳሙ፣ በግ አርደውም በሉ። አለቃ ቢቀር ግን ተራ አይቀርም፤ ለተራውም አስከባሪ ያስፈልጋል። አንድ ሰው መረጡ፣ ታክሲዎቹ ተራ በሚጠብቁበት ማቆያ ጥግ ያለችውን ትንሽ ክፍል ሰጡት፣ ደብተርም ገዙለት።

የመጀመሪያው ተራ አስከባሪ ኪሱ የበዛ ካፖርት ነበረው። ሾፌሩ በመስኮቱ በኩል አምስት ዶላር አጥፎ ያስገባና «ለቡና ናት» ይላል። ሰውየው ጨጓራ ስላለበት ቡና ቀምሶ አያውቅም፤ አምስቷን ግን አይመልስም። ስኪ የያዘ ቤተሰብ በመጣ ቁጥር ደብተሩ እንደ ምንም ይገለበጥና ወደ ቬይል የሚሄዱት ቡናውን የሚከፍሉት እነዚያው አምስት መኪኖች ይሆናሉ። በ2014 ኮሎራዶ ከሁሉም ግዛት ቀድማ ለእነ ኡበር ሕግ አወጣች። በ2016 ሚያዝያ ደግሞ ባቡሩ ከዳውንታውን እስከ ኤርፖርቱ በር መመላለስ ጀመረ። ተሳፋሪ ሲሳሳ የቡናው ዋጋ ከአምስት ወደ ሃያ ወጣ።

በስተመጨረሻ አባላቱ መረራቸውና ሰውየውን ሻሩት። በቦታው አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ ተመረጡ። የተመረጡት በጎ ሰው ናቸው ተብሎ እንዳይመስላችሁ። የታክሲያቸው ካምቢዮ ተሰብሮ፣ ኮልፋክስ ጎዳና ያለው መካኒክ 1,800 ዶላር ስለጠየቃቸው፣ ከሁሉም በላይ ጊዜ የነበራቸው እሳቸው ስለሆኑ ነው።

ሥራ በጀመሩበት ቀን፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ የ41 ቁጥር ሾፌር ወደ ክፍሏ መጣ። የሦስት ልጆች አባት ነው። ሚስቱ አውሮራ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት ትሠራለች፤ እሱ ቀን ይተኛል፣ ማታ ይነዳል፣ የሚገናኙት በር ላይ ነው። ያን ሰሞን ሦስት ቀን በተከታታይ ሾርት ወጥቶበታል። በመስኮቱ እጁን ሰደደና የታጠፈች ሃያ ዶላር ደብተሩ መሀል አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ለቡና ናት» አለ። ዓይናቸውን አላያቸውም። ቶሎ ብሎ ወደ መኪናው ተመለሰ።

ሽማግሌው ገንዘቡን አላነሱትም። ቁጭ ብለው አዩት።

ኪሳቸው ቢከቱት፣ እንዲህ ያለ ዘጠና ሃያ የካምቢዮው ዋጋ ነው። ይህን ለማስላት እርሳስ አላስፈለጋቸውም፤ ሒሳቡ ራሱ መጣ። ተከትለው ቢመልሱለት፣ 41 ዛሬ ያፍራል፤ ነገ ግን «ሌላው ሠላሳ ሰጥቶ ይሆናል» ብሎ ያስባል፣ ነገ ማታም ሠላሳ ይዞ ይመጣል። ለቦርዱ ቢያመለክቱ ደንቡ ግልጽ ነው፤ 41 ለአንድ ወር ይታገዳል፣ የአንድ ወር የቤት ኪራይ ይጎድላል። ፈራጆቹስ እነማን ናቸው? ቦርዱ ላይ ከተቀመጡት ሁለቱ ከእነዚያ አምስት መኪኖች ናቸው። ልጁን «ለቡና ናት» ማለትን ያስተማሩት እነሱ ናቸው።

ሁለት አውሮፕላን አረፈ። ተሳፋሪው ወጣ፣ መኪኖቹ ተንቀሳቀሱ፣ ሽማግሌው ቁጥር እየጠሩ አሰናበቱ። ሃያዋ ግን ደብተሩ ላይ እንዳለች ናት። ቁጥር በጠሩ መጠን እጃቸው ከእሷ ጋር ይነካካል።

በመጨረሻ መነጽራቸውን አደረጉ። የደብተሩ ግራ ገጽ የተራ ነው። ቀኙ እስከዚያ ቀን ባዶ ነበር። በቀኙ ላይ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ጻፉ፦ «ከ41 ቁጥር፣ 20 ዶላር፣ ለቡና።» ከዚያ ከአውሮራ ተሳፋሪ ይዞ እየመጣ ላለ አንድ ሾፌር ደወሉ።

«ሃቫና ጎዳና ካለው የሐበሻ ቤት ሁለት ፔርሙዝ ቡና አምጣልኝ። ሲኒ እንዳትረሳ፤ የወረቀትም ቢሆን።»

ቡናው መጣ። ሽማግሌው ከክፍሏ ወጥተው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ኑ ጠጡ! የ41 ቁጥር ቡና ነው!»

ብርድ ነበረ፣ ሰዉም መጣ። የሐበሻው፣ የሶማሌው፣ ከወዲያኛው ረድፍ የሌላ ኩባንያ ሾፌሮችም ሳይቀሩ። «ተባረክ»፣ «አላህ ይስጥህ»፣ «ልጆችህን ያሳድግልህ» እያሉ 41ን ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት። እሱ ፊቱ ቲማቲም መስሎ የገዛ ራሱን ቡና ጠጣ። ተራው አሥራ ዘጠነኛ ነበር፤ በአሥራ ዘጠነኛው ወጣ።

በማግስቱ የ12 ቁጥር ሾፌር ነገሩን አሰላሰለና ስህተቱን አገኘው፦ ሃያ ማነሷ ነው። አርባ አደረጋት። በዚያ ማታ ከቡናው ጋር አምባሻ ቀረበ፣ ምርቃቱም እጥፍ ሆነ፤ የ12 ተራ ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። በሦስተኛው ሳምንት ከአምስቱ መኪኖች አንዱ፣ 5 ቁጥር፣ መቶ ዶላር በፖስታ አሽጎ መጣ። እሱ ብልጥ ስለሆነ ቡና የሚለውን ቃል አልተናገረም።

«ጋሼ፣ ለበዓል ይሁንዎት» አለ።

ገና ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። በዋዜማው ማታ ተራው ላይ የነበረ ሾፌር ሁሉ ዶሮ ወጥ በላ። ደብተሩ በሲባጎ ታስሮ ከመስኮቱ ውጭ ተንጠልጥሎ ነበርና፣ ማን እንደጋበዘ ያልሰማ ሰው ቢኖር እንኳ ማንበብ ይችላል።

ከዚያ ወዲያ የታጠፈ ገንዘብ በመስኮቱ አልገባም። ቬይልም ቦልደርም ሾርትም ለባለተራው ይሄዱ ጀመር። ሾፌሩ ዕድሉን ይረግማል እንጂ ሽማግሌውን አይረግምም።

ነገር ግን ቡናው ቀረ። አንድ ሳምንት ታገሡ፣ በሁለተኛው ማጉረምረም መጣ። «ጋሼ፣ የቡናው ነገርስ?»

«ማንም አላመጣም» አሉ ሽማግሌው፤ ቁጥር መጥራታቸውንም ቀጠሉ።

በዚያ ማታ 41 ከመኪናው ወረደና ሁሉም እያየው አንድ ዶላር ደብተሩ ላይ አስቀመጠ። ራሱ እስክሪብቶውን ይዞ ጻፈ። ቀጥሎ ሌላው መጣ። ፔርሙዞቹም በየማታው ከሃቫና ጎዳና መምጣታቸውን ቀጠሉ። ሲተርፍ ሞተር ለተበላሸበት፣ ሐዘን ለደረሰበት ይሰጥ ጀመር። ይሄኛው ረጅም ታሪክ ነው፤ ዕድር ያለው ሰው ሳልነግረው ያውቀዋል።

የካቲት ላይ ሊቀመንበሩ ራሱ ወደ ማቆያው መጣ። ገንዘብ አልያዘም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ስለ ጤና፣ ስለ ካምቢዮው፣ ስለ አየሩ ጠየቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የእህቴ ልጅ አለ፣ 63 ቁጥር። ያውቁታል። ሠርጉ ደርሷል። ስኪ የያዘ ሰው ሲመጣ አንድ ሁለቴ ቢያስቡለት ምን አለበት? የሚያዝያው ምርጫም እየደረሰ ነው። እርስዎ እዚህ ቢቆዩ ደስታዬ ነው።»

«ሰምቻለሁ» አሉ ሽማግሌው። ሊቀመንበሩ እጃቸውን ጨብጦ ሄደ።

በማግስቱ ቡና ሊጽፍ ወደ ደብተሩ የቀረበው ሁሉ በቀኝ ገጹ ላይ ይህን አነበበ፦ «ከሊቀመንበሩ፣ አንድ አደራ፦ 63 ቁጥር ቬይል እንዲታሰብለት። አንድ ተስፋ፦ የሚያዝያ ምርጫ።» ከሥሩም በዚያው ጽሑፍ፦ «ቡና አልተገኘበትም።»

ሚያዝያ ላይ ጉባኤው ተሰበሰበ። ሽማግሌው በአሥራ አንድ ድምፅ ተሸነፉ። በየማታው ቡናውን ከጠጡት መካከል እጃቸውን በእሳቸው ላይ ያወጡ ነበሩ፤ 5 ቁጥር አንዱ ነው፣ 12 ቁጥርም ሌላው ነው ይባላል። አዲሱ ተራ አስከባሪ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ሠርጉን ደግሶ ጨርሷል፣ ካፖርትም ገዝቷል። ሽማግሌው ደብተሩንና እስክሪብቶውን አስረከቡ። የመካኒኩን ዕዳ በየወሩ እየከፈሉ ጨርሰውት ነበርና ወደ መኪናቸው ተመለሱ።

ዴንቨር በሚያዝያም በረዶ ይጥላል። 63 ሥራ በጀመረበት ማታ የወረደው ደግሞ የጥር በረዶ የሚያስንቅ ነበር። አውሮፕላኖች ዘገዩ፣ ተራው ረዘመ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሽማግሌው የተራው ፊት ደረሱ። ሻንጣ የሚጎትት ሰው መጣ።

«እዚሁ ታወር ሮድ» አላቸው።

ሻንጣውን ጭነው ሄዱ።

እሳቸው ከበሩ እንደወጡ፣ አራት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ስኪ ተሸክሞ በመስታወቱ በር በኩል ብቅ አለ። 5 ቁጥር ተራው ሰባተኛ ነበር። ከመኪናው ወረደና በረዶውን እየረገጠ ወደ መስኮቱ ሄደ። የታጠፈች ሃያ ዶላር አስገባ።

«ለቡና ናት» አለ በለሆሳስ።

63 ገንዘቡን በሁለት ጣቱ ያዘ። የካፖርቱ ኪስ ሰፊ ነው። ቀና ሲል ግን የመኪና በሮች ሲከፈቱ ሰማ። አንዱ ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ፣ ሾፌሮቹ እጃቸውን እያፋተጉ ወደ መስኮቱ እየመጡ ነው። 41 ከሁሉም ቀድሞ ደርሶ፣ የተንጠለጠለውን ደብተር ከበረዶው እያራገፈ በቀኝ ገጹ ገለጠለት።

«የዛሬው የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

5 ቁጥር ጫማውን አየ። 63 ሃያዋን አየ፣ ሰዎቹን አየ፣ ሃያዋን ደግሞ አየ። አምስት ሆነው የነበሩት አሥራ አምስት ሆነዋል፤ ከኋላም የሚመጣ አለ። ስኪ የያዘው ቤተሰብ በረዶ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

መጀመሪያ የባለተራውን ቁጥር ጠራ። ቀጥሎ እስክሪብቶ ፈለገ።

«ስኳር የማይወስድ ማነው?» አለ።