ቡችላ ለልጅ መጫወቻ ይሆናልን?

ሰሞኑን እዚህ መቱ ከዐስር ሶላት በኋላ መስጊድ ደጃፍ ላይ አንድ ጥያቄ ተነስቶ ብዙ አከራከረን። አንድ ወንድማችን ልጆቹ በስልክ ያዩትን፣ ጸጉሩ የተጠቀለለ የፈረንጅ ቡችላ ካልገዛህልን ብለው አስጨንቀውታል። ገሚሱ «ውሻ ነጃሳ ነው፣ አለቀ» አለ። ገሚሱ «ዘመኑ ተለውጧል» አለ። እኔን ሁለቱም መልሶች አላጠገቡኝም።

በአገራችን በሰፊው በሚሠራባቸው በሻፊዒይና በሐነፊይ መዝሃቦች የውሻ ምራቅ ነጃሳ ነው፤ ሻፊዒዮች መላ አካሉንም ይጨምራሉ። ኢማም ማሊክ ግን በሕይወት ያለ ውሻ ጣሂር ነው ይላሉ። የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ እንዲታጠብ መታዘዙ በሐዲስ የጸና ነው። ሆኖም ይህ ሕግ የሚያስተምረን የእኛን አስተጣጠብ ነው፤ እንስሳው የተጠላ ፍጡር ነው የሚል ፍርድ አልተሰጠም። በየሰፈሩ ልጆቻችን ውሻ በድንጋይ ሲያሳድዱ ቆመን የምናይ፣ ይባስ ብሎ ዲን የመሰለን፣ ለተጠማ ውሻ በጫማው ውኃ ቀድቶ ያጠጣውን ሰው አላህ እንደማረው ቡኻሪና ሙስሊም መዘገባቸውን እንዴት ረሳነው?

በሌላ በኩል ለአደን፣ ለከብት ወይም ለእርሻ ካልሆነ በቀር ውሻ የሚያኖር ሰው ከምንዳው በየቀኑ ቂራጥ እንደሚጎድልበት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል። እርሻ የተባለውን እኛ ኢሉባቦሮች ማብራሪያ ሳያሻን እናውቀዋለን። ከሁሩሙ እስከ ያዮ በጫካ ዳር በቆሎ የዘራ ገበሬ ቀን ከዝንጀሮና ከጦጣ፣ ሌሊት ከከርከሮ ጋር ሙግት ላይ ነው። ማማው ላይ አብሮት የሚያድረው ውሻ የልጆቹን እንጀራ ይጠብቃል። ይህን ገበሬ ማን ይወቅሰዋል?

ከተሜው ግን ምን ይጠብቃል? ዑለማዎች ለቂራጡ መጉደል ከሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ ውሻው መንገደኛን ማስደንገጡ ነው። ይህን ሳነብ ትዝ የሚለኝ ጎረቤት ቡና ጠጡ ተብሎ ተጠርቶ ከበር የሚመለስበት ግቢ ነው። ውሻው ቡችላ ሳለ ታሰረ፣ ሰው ሳይለምድ አደገ፣ ማንም አላስተማረውም፤ ዛሬ ጩኸቱን እየሰማን «ክፉ ውሻ» እንለዋለን።

ማስተማርን ካነሳን፣ ሱረቱል ማኢዳ አራተኛው አንቀጽ የሠለጠነ የአደን እንስሳ የያዘውን ለእኛ ሐላል አድርጎታል፤ ያልሠለጠነው ገድሎ ያመጣው ግን አይበላም። ኢብኑል ቀይዪም ከዚህ ተነስተው የዕውቀትን ክብር ያሳያሉ፤ በውሾች መካከል እንኳ የተማረውና ጃሂሉ እኩል አልሆኑም። እንግዲህ ውሻ የሚያኖር ሰው ማሠልጠኑን እንደ ትርፍ ሥራ ሊያየው አይገባም። ቡችላ ሰውንና ድምፅን በቀላሉ የሚለምደው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ገደማ ነው፤ ያ ጊዜ ካለፈ ሥራው እጅግ ይከብዳል።

ወደ ፈረንጁ ቡችላ ስንመጣ ታሪኩ ራሱ አስተማሪ ነው። ዋሊ ኮንሮን የተባለ አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ1989 ላብራዶርንና ፑድልን ያዳቀለው ለአንዲት የሃዋይ ዓይነ ስውር ሴት መሪ ውሻ ፍለጋ ነበር፤ ባሏ የውሻ ጸጉር አይስማማውም ነበርና። መነሻው ሐጃ ነው፤ ለዓይነ ስውር መሪ የሚሆን ውሻ ደግሞ ከዑለማዎች ብዙዎች የፈቀዱት ነው። ከተወለዱት ሦስት ቡችሎች ለሰውዬው የተስማማው አንዱ ብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ዓለም ለፋሽን ተሻማበት፤ ነጋዴው ያገኘውን ሁሉ አዳቀለ፣ ሰውዬውም ሥራው እንደሚጸጽተው በአደባባይ ተናገረ። ሐጃውን የጀመረው ሰው ያዘነበትን ጌጥ እኛ በምን ምክንያት እንሻማበታለን?

ልጆች ርኅራኄን ይማሩበታል የሚለውን ክርክር አልንቀውም፤ ውሸት አይደለም። ግን ቡችላ ከአሥር ዓመት በላይ የሚኖር ነፍስ ነው፤ ልጁ በወሩ ሲሰለቸው ማን ያበላዋል? ብዙውን ጊዜ ጎዳና ይጣላል፤ እዚያ የሚጠብቀው ድንጋይ፣ መርዝ ወይም የእብደት በሽታ ነው። ሰውን የሚይዘው የእብደት በሽታ በአብዛኛው የሚመጣው በውሻ ንክሻ ሲሆን፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ግቢውን የሚያስጠብቅ ሁሉ ውሻውን ያስከትብ፤ የተነከሰም ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ያጥብ፣ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ።